ሁሉም ገቡ?

ባሌ ቀነኒሳ ውሸታም አይደለም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልረፍ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ ሌላ ሌላ ማሰባችሁ አይቀርማ። ኳስ ሲያይ ቤት ቢቃጠል አይሰማም? እሱ እውነት ነው። ካልሲውን የትም ይጥላል? ይጥላል። ውሸት ግን አያውቅበትም፤ ልሞክር ካለም ጆሮው ይቀላል። ሲዋሽ ብይዘውማ ኖሮ እኔ ምንትዋብ ዝም የምል ሴት አይደለሁም፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር።

ቤታችን ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀርባ ነው። ቀነኒሳ እዚሁ ነው የተወለደው። ያኔ ፋብሪካም ኮንዶሚኒየምም አልነበረም፤ አባቱ ጤፍና ሽምብራ ያርሱበት ነበር። ከዚያ ሁሉ መሬት አሁን የቀረው ይኼ ቤትና ከቤቱ ጀርባ ያለው በረት ነው። እህቱ ሰብሊ ተምራ ሥራ ያዘች፣ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ገባች። እሱም የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ነበር። ስንተዋወቅ «ለምን አትሠራበትም?» ብዬ ብጠይቀው «አባ ብቻቸውን ምን ይሆናሉ?» አለኝ። እኔ ሞኟ የጎንደር ልጅ፣ ይህቺን መልስ ወድጄ አገባሁት።

ጠዋት እኔ ያለብኩትን ወተት በሞተሩ ጭኖ ለገርጂ ደንበኞቻችንና ለቦሌ መድኃኔዓለም ካፌዎች ያደርሳል። ሲመለስ ፉርሽካ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እበት ሲዝቅ፣ ጭድ ሲከምር፣ ውኃ ሲያጠጣ ይውላል። ካፌዎቹ ጋ ከመድረሱ በፊት ሽቶ ይረጫል። ሽቶና እበት ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሸቱ እኔን ጠይቁኝ።

አባቱ አባባ ሆርዶፋ አብረውን ነበር የሚኖሩት። ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰውን በድምፁ፣ ላምን በትንፋሿ ነው የሚለዩት። ማለብ ትተዋል፣ ማጨድም ትተዋል። አንድ ሥራ ግን ለማንም አልሰጡም፦ ሲመሽ የበረቱን በር መዝጋት። ከሰዓት በኋላ ከብቶቹን ከበረቱ ጀርባ ታጥሮ የተቀመጠ ባዶ ቦታ ላይ እንለቃቸዋለን፣ ሣር ይግጣሉ። አመሻሽ ላይ አባባ በሩ ላይ ቆመው «ኮቱ! ኮቱ!» እያሉ በኦሮምኛ ይጠሯቸዋል፤ ላሞቹም እየተጋፉ ይገባሉ። ከዚያ አባባ ፊታቸውን ወደ በረንዳው ያዞሩና ይጠይቃሉ።

«ሁሉም ገቡ?»

በዚህ ቤት ከብት አይቆጠርም። አዲስ ሙሽራ ሆኜ በረቱ ውስጥ ጣቴን ቀስሬ «አንድ፣ ሁለት» ስል አባባ እጄን ያዝ አድርገው ጣቴን አጠፉት። «ዐይን ይገባባቸዋል ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቆጥሬ አላውቅም። ስለዚህ ስንት ገቡ ተብሎ አይጠየቅም። ሁሉም ገቡ ተብሎ ነው የሚጠየቀው፣ የሚመልሰው ደግሞ ዐይን ያለው ሰው ነው። ቀነኒሳ አንድ በአንድ ያያቸዋል፣ «ገብተዋል አባ» ይላል፣ አባባ የበሩን መወርወሪያ ያስገባሉ። ያቺ ትልቅ የእንጨት መወርወሪያ እጃቸው ከመንካቱ ብዛት ለስልሳ ታበራለች። ልጅ ሆኜ በመጣሁበት ቤት የማውቀው ምሽት ይኼ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ፣ ሣሩ ጉልበት ደርሶ፣ ቡሬ መውለጃዋ ቀርቦ ነበር። ቡሬ የቤቱ እመቤት ናት። አባባ መሬታቸው ሲወሰድ ያስቀሯት ላም የልጅ ልጅ ናት፤ ከዚያ ዘር ሌላ የቀረ የለም። እሷ ደግሞ አርጅታለች፣ እስካሁን የወለደችውም ወንድ ወንዱን ብቻ ነው። አባባ ጠዋት ጠዋት ሆዷን እየዳበሱ «ዘንድሮ ሴት ናት» ይሉ ነበር። እኔም ከኋላቸው «አሜን አባባ፣ ከአፍዎ ይቀበልዎ» እላለሁ።

ቡሬ ከነጠፈች ሰንብታለች። ወተት ስለሌላት ማታ ሳልብ ከሥሯ አልቀመጥም፤ ቦታዋም አምፖሉ በደንብ የማይደርስበት ጥግ ነው። ይህንን የምነግራችሁ ራሴን ነጻ ላወጣ ነው፣ አዎ፣ ምን ላድርግ። እኔም አላየኋትም።

ቅዳሜ ነው። ቀነኒሳ በረንዳው ላይ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ኳስ ያያል። አባባ በሩ ላይ ቆመው ተጣሩ። ጉራቻ ገባች፣ ዳማ ገባች፣ አዲ ጥጃዋን አስከትላ ገባች። አባባ ፊታቸውን አዞሩ።

«ሁሉም ገቡ?»

«ገብተዋል አባ!» አለ ቀነኒሳ፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል። ወዲያው «ጎል!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ፤ ከየጎረቤቱም ጩኸት ተቀበለው። አባባ በልጃቸው ደስታ ሳቅ አሉና መወርወሪያውን አስገቡ። እኔ ሽንኩርት እከትፍ ነበር፤ በድንጋጤ ጣቴን ልቆርጥ ስል «አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አባባ እሑድ እሑድ ሳይነጋ ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ። የሚወጡት በበረቱ በር ነው፤ ባዶው ቦታ ውስጥ የምታልፈው የእግር መንገድ ትቀርባቸዋለች። ከወጡ በኋላ እጃቸውን በእንጨቶቹ መሀል አሾልከው መወርወሪያውን ይመልሱታል። ዐይናቸው ከመድከሙ በፊትም እንዲሁ ነበር፣ ከደከመም በኋላ አንድ ቀን ስተው አያውቁም።

ነጋ። እኔ የወተት ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ቀነኒሳ ለከብቶቹ ፉርሽካ ሊሰጥ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ጮኸ።

«ምንቴ! ቡሬ የለችም!»

እየሮጥኩ ስደርስ መወርወሪያውን መሬት ላይ ጥሎት፣ በሩን በርግዶ ባዶው ቦታ ውስጥ ገብቷል። ተከተልኩት። ወዲያ ማዶ ጥግ ላይ አንዱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ፣ ምስማሩ ላይ የቡሬ ፀጉር ቀርቷል። ላም ልትወልድ ስትል ብቻዋን የምትሆንበት ቦታ ትፈልጋለች፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ደንግጠን ስንመለስ አባባ ከቅዳሴ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው። መወርወሪያው እግራቸው ሥር ነው።

«ማን ጠፋ?» አሉ። ሩጫችንን ሰምተዋላ።

«ቡሬ» አልኩ።

ጎንበስ ብለው መወርወሪያውን መሬት ላይ በእጃቸው ዳሰሱት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ከዚያ ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ቅዳሴው ላይ ቆሜ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ነበር። መለስኩት ወይስ አልመለስኩትም እያልኩ ስጨነቅ ወንጌል ሲነበብ እንኳ አልሰማሁም። ማታማ ሁሉም ገብተው ነበር፤ አንተ አይተሃል።»

ቀነኒሳን አየሁት። ጆሮው ፍም መስሏል። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። «አሁን እንፈልጋት» አለና አለፈን።

ያኔ አልገባኝም። ላሟ የጠፋችበት ሰው ደንግጦ ነው አልኩ። አባባ «እኔ በዚህ በኩል እየተጣራሁ ልሂድ» ብለው በበትራቸው መንገዱን እየነኩ ወደ አስፋልቱ ወጡ፤ እኛ በተገነጠለው ቆርቆሮ በኩል ወረድን። ከአጥሩ ወዲያ ያላለቀ ሕንፃ አለ። ዘበኛው ተስፉ ይባላል፣ የእኛው ሰው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ወተት እንሰጠዋለን። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ተስፉ፣ ላም አላየህም? ቡሬ ላም?» አለው ቀነኒሳ።

«እንዴ፣ የናንተ ናት እንዴ? ትናንት በዚህ አልፋ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ወርዳለች። ከኋላዋ ሰው የሚመጣ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ትናንት መቼ?»

«ኧረ ገና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ! ቆይ... ጎል ከመግባቱ በፊት ነው። እሷ ካለፈች በኋላ ነው ከየቤቱ የተጮኸው።»

እግሬ ቆመ። ቀነኒሳ አላየኝም፤ ሊያየኝ አልፈለገም። ለካ አባባ «ሁሉም ገቡ?» ሲሉ ቡሬ ሄዳለች። ለካ አባባ መወርወሪያውን ያስገቡት እሷ ውጭ ሳለች ነው። በዚያ ላይ ጠዋት መወርወሪያውን አውጥቶ መሬት የጣለው ቀነኒሳ ራሱ ነው፤ ገብቶ እንደነበረ እጁ ያውቃል።

«ቀነኒሳ» አልኩት።

«እለምንሻለሁ፣ አሁን አይደለም» አለኝ፤ ድምፁ የሱ ድምፅ አይመስልም ነበር።

ያገኘናት ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ሥር በሚያልፈው የጎርፍ ቦይ ዳር ነው። ቆማለች፤ አንገቷን ወደ ቦዩ ዘርግታ እምቧ ትላለች። ጥጃዋን እዚያ ጠርዝ ላይ ወልዳው፣ ሊቆም ሲንገዳገድ ይሁን ሌላ፣ ቦዩ ውስጥ ወድቋል። ውኃው ብዙ አልነበረም፤ ለአዲስ ጥጃ ግን በቂ ነው። ቀነኒሳ በልብሱ ዘሎ ገባና አቅፎ አወጣው፤ ሞቷል። እኔ ሄጄ አባባን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው።

አባባ ተንበረከኩና ዳሰሱት። ግንባሩን፣ ጆሮዎቹን፣ ጀርባውን፤ ከዚያ እጃቸው ወደ ኋላ እግሮቹ መሀል ሄደ።

«ሴት ናት» አሉ።

እኔን! ያን ጊዜ የባሌን ፊት ከማይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ቡሬ ንቅንቅ አልል አለች። አንገቷ ላይ ገመድ አስገብተን ጎተትናት፣ ተስፉ ከኋላ ገፋ፣ እኔ ሣር አሳየኋት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ ቦዩን ታሸታለች። ከየበረንዳው ሰው ወጥቶ በስልክ ይቀርጸናል። አንዷማ ከሦስተኛ ፎቅ «ኧረ ቀስ በሏት!» ትለኛለች፤ «ነይና አንቺ ውሰጃት!» አልኳት፤ በሰው ፊት መጮህ እንደሚያምርብኝ ታውቃላችሁ። አባባ ግን ገመዱን አስፈቱ።

«ልጇን ከፊቷ አድርጉላት፤ ትከተላለች።»

ተስፉ ከሕንፃው የሲሚንቶ ጋሪ አመጣ። ጥጃዋን ጋቢው ላይ አስተኝተን፣ ቀነኒሳ ጋሪውን ይዞ ፊት ፊት ገፋ። ቡሬ አፍንጫዋን ጋሪው ውስጥ አግብታ፣ እየላሰች፣ ተከተለችው። ገመድ የለ፣ ዱላ የለ። በዚያ የእሑድ ጠዋት፣ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስ ሰው መሀል፣ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ባሌ የሞተች ጥጃ እየገፋ ሄደ። አባባ ከላሟ ጎን፣ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው «ይቅር በይኝ ቡሬ፣ አርጅቼ ነው፣ ይቅር በይኝ» እያሉ። ቀነኒሳ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረም።

እቤት እንደደረስን ሌላ ጣጣ መጣ። ቡሬ ግቷ ተወጥሮ ወተቷን አልለቅ አለች። እንደ ፈረንጅ ላም አይደለችም፤ ጥጃዋን ካላሸተተች አትሰጥም። ግቷ እንዲሁ ከቆየ ደግሞ መታመሟ ነው። አባባ የሚደረገውን ያውቁ ነበር፣ እኔም አገሬ አይቼዋለሁ። ጥጃዋ ተገፈፈች፣ ቆዳው ጭድ ተሞላ፣ ተሰፋ፣ ጨው ተነሰነሰበት። ማታ ስንቀርባት ቡሬ ያን ቆዳ አሸተተች፣ ላሰች፣ ወተቷንም ለቀቀች።

ቆዳውን ከፊቷ ይዞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ቀነኒሳ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ እኔ ከሥር ተቀምጬ ሳልብ እሱ ከፊቷ በርከክ ብሎ ያቺን ጭድ የሞላች ልጅ ይይዛታል። ቡሬ ስትልስ ምላሷ እጁንም ይነካዋል። እኔ ከላሟ ሆድ ሥር ሆኜ እጁን እንደማይሸሽ አያለሁ። አንዳንዴ ይዤ የመጣሁት ንዴት ሁሉ ይጠፋብኛል።

ሰብሊ ወሬውን ሰምታ መጣች። የባሌ እህት ክፉ ሴት አይደለችም፤ አባቷን ስለምትወድ ነው። ዓመት ሙሉ «አባዬ፣ ከኔ ጋር ይኑሩ» ስትል፣ አባባ «ከብቶቹንስ?» እያሉ ሲመልሷት ኖረዋል። አሁን ግን አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ «አባዬ፣ ዛሬ ላም ናት። ነገ እርስዎ አስፋልት ላይ ቢወጡስ?» አለቻቸው።

አባባ ብዙ አልተከራከሩም። «ልክ ነሽ» አሉ። «መወርወሪያ መመለስ የረሳ ሰው በረት አይጠብቅም። እኔ ራሴን ማመን አቃተኝ፤ ጠዋት ጸሎት ማድረሴን እንኳ እጠራጠራለሁ።»

ይቺ ናት ያንገበገበችኝ። የሞተችው ጥጃ ብቻ ብትሆን ጊዜ ይረሳሳታል። እኚህ ሰውዬ ግን በገዛ ራሳቸው አእምሮ ላይ እምነታቸውን ጣሉ። ምንም ሳይረሱ እንደረሱ አመኑ። ሰብሊ በመጪው ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳቸው ተስማሙ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው፣ በረት የለው፣ የሚጠሩት ፍጥረት የለው።

ሰብሊ ስትወጣ ባሌን በረቱ ውስጥ አስገብቼ ያዝኩት።

«አንተ ሰው ነህ? አባትህ የማይኖሩበት አገር ሊሄዱ ነው እኮ!»

«ልነግራቸው ነው።»

«መቼ? አራተኛ ፎቅ ከወጡ በኋላ ከታች ሆነህ ልትጮህላቸው?»

እበቱ ላይ እንደ ልጅ ተቀመጠ። «ምንቴ፣ ስነግራቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። ያን ዘር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለኳስ ብዬ። ስንት ዓመት ‹ገብተዋል› ባልኳቸው ቁጥር ሲያምኑኝ ኖረዋል።» ወደ በሩ አየ። «በበሩ ላይ ያኔ አፌን ከፍቼ ነበር» አለ። «አይተሻል። መልሼ ዘጋሁት።»

እንደዚያ እያለ ሳምንቱ አለቀ። አንድ ቀን ወተት ሊያደርስ ሲሄድ ማታ እነግራቸዋለሁ ይለኛል፤ ማታ ደግሞ ደክሟቸዋል ይላል። ሽቶውን መርጨት ተወ። ኳስ ማየት ተወ። እኔ ራሴ ልነግራቸው እያልኩ አባባ ክፍል በር ላይ ደርሼ እመለስ ነበር፤ የባሌን ጥፋት ከባሌ አፍ ቀድሜ ለአባቱ ብናገር እሱ የሚነሣበትን ያጣል ብዬ ፈራሁ። ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም።

ቅዳሜ ሰብሊ የምትመጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ልብሳቸው በሻንጣ ሆኖ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ቀነኒሳ ከበረት ወጣ፣ እጁን ታጠበ፣ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባ፣ ያን ማታ አላየሁም» አለ። «ገብተዋል ያልኩዎት ሳላይ ነው። ኳስ እያየሁ ነበር። ቡሬ ያኔ ወጥታለች። ጠዋትም መወርወሪያው ገብቶ ነበር፤ አውጥቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

አንድ ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የተናገረው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ያን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባባ እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ፈለጉና ፀጉሩን ዳበሱት። ፈገግ እያሉ ነበር።

«ዋሽተኸኝ አታውቅም ነበር» አሉ። «ዛሬ ለእኔ ብለህ ዋሸህ።»

«አባ፣ ውሸት አይደለም!»

«ይሁን። አባትህ ልቡ ተሰብሮ እንዳይሄድ ጥፋቱን ወደ ራስህ ወሰድከው። ስንቱ ሰው ነው እንዲህ ያለ ልጅ ያለው?»

እኔ አላስቻለኝም። «ኧረ አባባ፣ እውነቱን ነው! እኔ እዚያው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር! ቆይ ተስፉ ይምጣና ይናገር!» ብዬ በነጠላ ጫማዬ ሮጬ ተስፉን ከሕንፃው ጎትቼ አመጣሁት። ተስፉም ቆቡን አውልቆ፣ ጎል ከመግባቱ በፊት ቡሬ እንዳለፈች፣ ፀሐይዋም እንዳልጠለቀች ምሎ ተናገረ።

አባባ ሳቁ፤ ከልባቸው ሳቁ። «አየህ ተስፉ፣ የጠጣኸው ወተት ውለታውን መለሰ። ሁላችሁንም ይባርካችሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጆቼ፣ የዘነጋው እኮ የኔ እጅ ነው። ያን ጠዋት መወርወሪያውን በእግሬ ነው ያገኘሁት። መሬት ላይ ነበር።»

መሬት ላይ ነበር፣ እውነት ነው። ቀነኒሳ ያን ጠዋት፣ መወርወሪያው እግራቸው ሥር ሳለ፣ «እኔ ነኝ የጣልኩት» ቢል ይታመን ነበር። አንዲት ቃል ነበረች። ሳምንት አሳደራት፤ ለአባባም ከምሕረት የመጣ ውሸት መሰለች።

ሰብሊ መጣች፣ ሻንጣው ተጫነ። አባባ ከመውጣታቸው በፊት በረቱ ውስጥ ገብተው እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ግንባሯን ዳበሱ። ቡሬ ጋ ቆዩ። መወርወሪያውን ለቀነኒሳ አስጨበጡትና ልጃቸውን ባረኩት፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ተረግሞ ቢሆን እንዲህ የሚጎብጥ አይመስለኝም።

አሁን አባባ ገርጂ ናቸው። ሰብሊ ትንከባከባቸዋለች፣ አልዋሽም፤ ልብሳቸው ንጹሕ ነው፣ ምግባቸው በሰዓቱ ነው። ሄደን ስንጠይቃቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው እናገኛቸዋለን። ነገር ይደግማሉ። ብርጭቆው እጃቸው ላይ ሆኖ ብርጭቆውን ይፈልጋሉ። ሰብሊ «አየሽ፣ እርጅናው መጣ» ትለኛለች። እኔ ግን ከመሄዳቸው በፊት እንዲህ እንዳልነበሩ አውቃለሁ።

ሲመሽ ስልክ ይደውላሉ። ሰብሊ ደውላ ነው የምታስይዛቸው። ቀነኒሳ ያን ጊዜ የትም ቢሆን እቤት ነው፤ ካፌው ባይከፍለውም፣ ዝናብ ቢጥልም ይደርሳል። ስልኩ ሲጠራ ያነሣዋል፣ «ቆይ አባ» ይላል፣ በረት ይገባል። ጉራቻ ጋ ይሄድና መዳፉን ግንባሯ ላይ ያደርጋል። ዳማ ጋ፣ አዲ ጋ ይሄዳል። እዚያ ጨለማው ጥግ ድረስ ገብቶ ቡሬን በእጁ ይነካታል። ያ ጭድ የተሞላ ቆዳ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሱንም አልፎ ነው የሚመለሰው። መወርወሪያውን ያስገባል፣ እንደገና ስቦ አውጥቶ እንደገና ያስገባዋል። አባባ ወዲያ ማዶ ሳይሰለቹ ይጠብቃሉ።

ትናንትም እንዲሁ ነበር። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔም ከማድቤት እሰማለሁ።

«ሁሉም ገቡ?» አሉ።

«ገብተዋል አባ። አይቻቸዋለሁ።»

«ካልክማ ገብተዋል» አሉ አባባ። «አንተ ለራስህ ብለህ ዋሽተኸኝ አታውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ። ቀነኒሳ መወርወሪያውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። እራት ቀርቦ ስጠራው አልሰማኝም።